የሦስተኛው ማርሽ ጥርስ

ጋሳንት የተሰበረውን ማርሽ ከነጭ ጋዙ ውስጥ አወጣ፣ በአሮጌ ፎጣ አደረቀውና ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ይዞት ሄደ። ከጥርሶቹ አራቱ የሉም። ይህን ካምቢዮ ዘንድሮ ሲፈታ ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ የተሰበረው ይኸው ሦስተኛ ማርሽ ነው። ወገቡን ቀና ለማድረግ ሞርሳውን መደገፍ ነበረበት።

ከቤቱ ጓሮ ያለችው ጋራዥ የምትይዘው አንድ መኪናና አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ ሰው ከመጣ በሩ ላይ ይቆማል። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ከጠዋት ጀምሮ አሸዋውን ቆርቆሮው ላይ ሲያፈሰው ውሏል። ሪድዋን የዳቦ ቤቱን ነጭ ካፖርት እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ ዳቦ ሲያከፋፍል የዋለ ሰው ነው፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ታዲያ ቡታ?» አለ። ከጋሳንት የሚያንስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቡታ ነው የሚለው፤ ጋሼ እንደማለት ነው።

ጋሳንት የተረፉትን ጥርሶች እያየ ነበር። ጥርስ ከጥርስ ጋር በደንብ ተጋጥሞ ሲሠራ የሚያበራው መሐሉ ነው። እዚህ ግን መሐሉ ደብዛዛ ነው፤ ብልጭታው ያለው አንደኛው ዳር ላይ ብቻ ነው፣ ጫፉን ብቻ እንደሳሉት ቢላዋ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ቢስሚላህ ብሎ የሚጨርስበትን ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ዘንጉ ዘሞ ነበር። ዘንጉ የዘመመው የሚይዘው ኩሽኔታ ካምቢዮው ሲዘጋ ላልቶ ስለቀረ ነው። የዘጋው ደግሞ ራሱ ጋሳንት ነው።

«ጉልበቱ ነው» አለ። «ይህ ካምቢዮ የተሠራው ለሰባ የፈረስ ጉልበት ነው። አንተ ቱርቦ አስገብተህ ሦስት መቶ ጫንክበት።»

ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል አልነበረም። ሰባውም እውነት ነው፣ ሦስት መቶውም እውነት ነው። ደክሞት ነበርና ከእውነቱ ለአፉ የቀረበውን አነሣ።

ሪድዋን ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። በቃ እንግዲህ፣ ትልቁን ካምቢዮ አስገባለታለሁ። በያጁ ቶየር ከአዲሱ ሞዴል የወጣ አንድ አግኝቶልኛል። ችግሩ ቦታ አይበቃውም፤ የግራው ሻሲ መቆረጥ አለበት። ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ እንቆርጣለን።»

«ሻሲውን?»

«ሻሲውን። አባዬ ቢኖር መዶሻ ይዞ ያባርረኝ ነበር።» ሳቅ ሞከረና ተወው። «ምን ላድርግ ቡታ? ሦስት ጊዜ። ደከመኝ።»

መኪናው የአባቱ የቡታ ሳሊ ነበር። ሳሊ አዲስ ሳለ የገዛው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳው አንድ ጭረት ያላስነካው ነጭ ሁለት በር ጎልፍ። ከሰፈሩ ሙሽሮች ገሚሶቹ በዚህ መኪና ነው የተዳሩት። ሳሊ አልጋ ላይ ሲውል ልጁን ጠርቶ ነበር፤ ጋሳንትም በዚያ ሰዓት አልጋው ግርጌ ተቀምጦ ከቁርኣን ያሲንን ይቀራ ነበርና ሰምቷል። «ሞተሩን እንደፈለግህ አድርገው፣ መቼም አትተወውም» አለ ሳሊ። «አካሉን ግን መቁረጫ እንዳይነካብኝ።» ሪድዋንም አይነካውም ብሎ እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን እንደፈለገ አደረገው፤ እሁድ እሁድ በመኪና ሩጫው ሜዳ ከሱ የሚቀድም ጥቂት ነው። አካሉ ላይ ግን አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልበሳም።

«ሰላም ይዋሉ ቡታ» ብሎ ሪድዋን ሄደ። ጋሳንት ማርሹን በዳቦ ላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ለምን እንደከተተው ራሱን አልጠየቀም።

ጋሳንት ይህን ሥራ ያስተማረው ሰው የለም። ወጣት ሳለ በልብስ ፋብሪካ መቶ ሃያ የስፌት መኪና ይጠብቅ ነበር፤ ከመቶ ሃያው የታመመችውን በድምፅዋ ለይቶ ሄዶ ትከሻዋን ይነካ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ይዞት የወጣው ጆሮውን ነው። ከዚያ አንድ የተጣለ ካምቢዮ አገኘ፣ ፈታ፣ ገጠመ፣ ደግሞ ፈታ።

ካምቢዮ ሲዘጋ ከኩሽኔታው ሥር የሚገባ ስስ የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ ከሳ ካለ ዘንጉ ይላላል፣ ወፈር ካለ ይታነቃል፤ ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው። ሌሎች ሠሪዎች ይህን በባለ መርፌ መለኪያ ይለኩታል። ጋሳንት ግን የመጥረጊያ እንጨት አንዱን ጫፍ ካምቢዮው ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዘንጉን በእጁ እያዞረ ያዳምጥ ነበር። ሲላላ እንደ ደረቅ ባቄላ ይንኳኳል። ሲጠብቅ ያቃስታል። ልክ ሲሆን ዝም ይላል። «መርፌ ያየዋል፣ እኔ ግን እሰማዋለሁ» ይል ነበር፤ ሰፈሩም ይህን አባባሉን እየደጋገመ ደንበኛ ያመጣለት ነበር።

ደግሞ ልማድ አለ። አዲስ የተዘጋ ካምቢዮ መጀመሪያ ሲወጣ ባለመኪናው ይነዳል፣ ሠሪው ከጎኑ እንጨቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ማንም አይናገርም። ሠሪው «አላህ ይባርክልህ» ሲል ብቻ ነው መኪናው የባለቤቱ የሚሆነው።

ለሪድዋን መኪና ከመጀመሪያው ስብራት በኋላ ጋሳንት ጥርሳቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ማርሾች ገጠመለት። እነዚህ ጠንካራ ናቸው፣ ግን ያለቅሳሉ። በሦስተኛ ሲነዳ ልቅሶው ከሁለት መንገድ ማዶ ይሰማል፤ ሰው አጥር ላይ ወጥቶ «ሪድዋን መጣ» ይላል። ሰፈሩ ይህን ልቅሶ ይወደዋል፤ የሌለው ይቀናል። የኩሽኔታ ሕመም የሚደበቀውም ከዚህ ልቅሶ ሥር ነው። ጋሳንት ድሮ ከሥሩ ያለውን ለይቶ ይሰማ ነበር።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ካምቢዮ ሁሉ ቶሎ ዝም ይልለት ጀመር። ድሮ አምስት ስድስት ቀለበት የሚለዋውጥበትን በአንዱ፣ ቢበዛ በሁለቱ ይጨርሰዋል። እጄ ተባረከ ብሎ አላህን አመሰገነ። በልቡ የሆነ ነገር ሲጎረብጠው ምስጋናውን አበዛ።

ዓርብ ጁምዓ ላይ ከሐጂ ታሊፕ ጎን ቆመ። የኢማሙ ድምፅ እየሳሳበት ከመጣ ቆይቷል። ማይክሮፎኑ ተበላሽቷል ብሎ ለኮሚቴው ሁለት ጊዜ ነግሮ ነበር፤ ኮሚቴውም ሁለት ጊዜ አስፈትሾ ደህና ነው ብሎታል። አሁን የሚያጎነብሰውም የሚነሣውም የጎረቤቱን ትከሻ እያየ ነው። ሐጂ ታሊፕ ደግሞ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ከሱጁድ ቶሎ አይነሡም። ጋሳንት ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ የሽማግሌውን ክርን ሲጠብቅ መስጊዱ በሙሉ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ብቻ መሬት ላይ ቀርተዋል፣ አንዱ በእርጅና፣ ሌላው እሳቸውን እየጠበቀ።

እዚያው ግንባሩ መሬት ላይ ሳለ «ጌታዬ፣ ሳትነግረኝ አልቀረህም፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አለ።

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ መይሙና ወጥ ቤት ተቀምጣ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ትወቅጥ ነበር፣ ለእሁዱ ኩሲስተር። እሁድ ጠዋት ሰፈሩ ከሷ ኩሲስተር ውጪ ቁርስ አያውቅም፤ ሊጡን ጠብሳ ሽሮፕ ውስጥ ነክራ ኮኮናት ነስንሳበት ትሸጣለች።

«ስልክህ ሦስት ጊዜ ጮኸ» አለችው።

«አልሰማሁም።»

«አልሰማህም፣ አውቃለሁ። ሪድዋን ነበር። ነገ ሲቆርጡ ና ብሏል።» መውቀጡን አቆመች። «ትናንት እንቁላል ግዛ አልኩህ፣ እሺ አልከኝ፤ ይኸው እንቁላል የለም። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ታመመ አልኩህ፣ አልሐምዱሊላህ አልከኝ።»

«እንደሱ አልኩ?»

«አልክ። እህቴ እስካሁን እንዳኮረፈችኝ ናት።»

ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ከኪሱ ማርሹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው፣ ነገራት። የብልጭታውን ነገር፣ የቀለበቱን ነገር፣ ቶሎ ዝም የሚሉትን ካምቢዮዎች።

«ለልጁ ነገርከው?»

«ጉልበቱ ነው አልኩት።»

መልስ አልመጣም። ዝም ማለቷ ይሁን፣ ተናግራ እሱ አለመስማቱ ይሁን እርግጠኛ አልሆነምና አፏን አየ። ተዘግቷል።

«የሳሊን መኪና አውቃታለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እንዲያይ ፊቷን ወደሱ አዙራ። «ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ቤት የመጣሁት በሷ ነው።» መውቀጧንም ቀጠለች።

«ብነግረው ማን ካምቢዮ ያመጣልኛል?»

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ኩሲስተር ነው የማውቀው። ጨው በስኳር ፈንታ የጨመርኩ ቀን ግን ሰው በልቶ እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም።»

ቅዳሜ ዙሁርን ሰግዶ በእግሩ ወደ ቶየር ግቢ ሄደ፣ ሁለት መንገድ አልፎ። ቶየር በያጅ ነው፤ ከጋሳንት ጋር አንድ መድረሳ ቁርኣን የቀሩ፣ አንድ አጥር የዘለሉ ናቸው። ነጩ መኪና ኮፋኖው ተነሥቶ ግቢው መሐል ተሰቅሎ ነበር። ሞተሩ ወጥቷል። በግራ በኩል ባለው የሻሲ ብረት ላይ በሰማያዊ ጠመኔ መስመር ተሰምሯል። ሪድዋን ጎማ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ሐኪሙ መጣ» አለ ቶየር። «ልንቀድ ስንል ሐኪሙ ደረሰ። ና ተቀመጥ፣ መብራት የለም። ስምንት ሰዓት ይመጣል ብለዋል፤ እነሱ ስምንት ካሉ አንተ ዘጠኝ በል።»

ጋሳንት ተቀመጠ። በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀው ቃል ነበረው። አሁን አንዱ ቃል ከሌላው ጋር አልጋጠም አለው። ቶየር ስለ አማቱ ጣሪያ አወራ፣ ግማሹ ሳይሰማው አለፈ። ቆይቶ የቶየርን እግር አየ። እግሩ መሬቱን ይመታል፣ በምት በምት። ጭንቅላቱም ይወዛወዛል። ጋሳንት ዞሮ የቶየር ቤት መስኮት ላይ ያለውን ሬዲዮ ተመለከተ፤ ቀይ መብራቱ በርቷል። መብራት መጥቷል ማለት ነው። ቶየርም ተነሥቶ መነጽሩን አጠለቀ፣ መቁረጫውን አነሣ።

«አትቁረጥ» አለ ጋሳንት።

«ምነው?»

«ጉልበቱ አይደለም የሰበረው። እኔ ነኝ።»

ሪድዋን ቀና አለ። ጋሳንት ላስቲኩን ፈትቶ ማርሹን በመዳፉ ላይ አስቀመጠና ወደ ልጁ ዘረጋው። «ይህን ብልጭታ አየኸው? ዳር ላይ ነው። መሐል መሆን ነበረበት። ዘንጉ ዘሞ፣ ጥርሱ በዳሩ ብቻ ሲሸከም ኖሮ ነው የተሰበረው። ኩሽኔታውን አላልቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለ ቶየር። «በመጥረጊያ እንጨት የጉንዳን ሳል የምትሰማው?»

«ድሮ እሰማ ነበር። አሁን ልክ የሆነውም ያልሆነውም ለኔ እኩል ዝም ነው። ሬዲዮህ እየዘፈነ ነው አይደል?»

«እየዘፈነ ነው።»

«እኔ እግርህን አይቼ ነው ያወቅሁት።»

ቶየር መቁረጫውን መሬት አስቀመጠ። ገብቶ ሬዲዮውን አጠፋው፣ ማጥፋቱ ምን እንደሚረዳ ባያውቅም።

«የመጀመሪያውስ?» አለ ሪድዋን።

«የመጀመሪያው እውነትም ጉልበቱ ነበር፤ የድሮው ማርሽ አልቻለውም። ሁለተኛውና ሦስተኛው የኔ ናቸው።»

«ሐሙስ ዕለት ያውቁ ነበር?»

ከሁሉም የፈራው ይህን ጥያቄ ነበር። «ማርሹን ብርሃን ላይ እንዳየሁት ነው ያወቅሁት።»

«እያወቁ ጉልበቱ ነው አሉኝ።»

«አልኩህ።»

«አባዬን ቃል ስሰጠው አልጋው ግርጌ እርስዎ ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

ሪድዋን ማርሹን ተቀብሎ ዳሩን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አሸው። ሲናገር ድምፁን አላነሣም፤ ጋሳንት ከንፈሩን እያየ ነው የተከተለው። «ሁለት ቀን ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ዳቦ እያወረድኩ አባዬን ይቅርታ ስጠይቅ ነበር።» ማርሹን በላስቲኩ መልሶ ጠቀለለው። «ሌላ ምን ዘግተዋል?»

«ካለፈው ረመዳን ወዲህ ካንተ ሌላ ስድስት።»

«ቆይ ቆይ» አለ ቶየር። «የኔ ፒክአፕ የተሠራችው ከረመዳን በኋላ በሻዋል ወር አይደለም እንዴ?»

«ያንተም አለችበት።»

«ትናንት ዎስተር ከተማ ደርሼ ነው የመጣሁት፣ ተራራውን ሁሉ አቋርጬ።»

«ቀስ ብለህ ስለምትነዳ ነው የተረፈችው።»

«ቀስ ብዬ የምነዳው እኮ ስለማትሄድ ነው።»

ማንም አልሳቀም፣ ቶየርም ቢሆን። ሪድዋን ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ፤ በካፖርቱ እጅጌ ሰማያዊውን መስመር ጠረገው። ነጩ ላይ የደበዘዘ ሰማያዊ ቀረ።

«መርፌ ያየዋል፣ እኔ ግን እሰማዋለሁ ይሉ ነበር» አለ ፊቱን ሳያዞር፤ ቶየር ነው ከጋሳንት ፊት ለፊት ቆሞ የደገመለት። «እንግዲህ በመርፌው ይለኩልኝ። እኔ ቆሜ እያየሁ።»

ቶየር ባለ መርፌውን መለኪያ አዋሰው። ሪድዋን በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦውን ጨርሶ፣ የጋራዡ በር ላይ ቆመ። ጋሳንት አዲስ ሦስተኛ ማርሽ ገጠመ፤ ሁለቱ ዘንጎች በጉልበት እንዳይፈነቃቀሉ የሚያስራቸው ወፍራም የብረት ሳህንም ቶየር ቆርጦለት በካምቢዮው ሆድ ላይ አጠበቀ። ይህ ሳህን ከመጀመሪያው ሊኖር የሚገባው ነበር፤ እሱም ቢሆን ኩሽኔታ ላልቶ ከተዘጋ አያድንም። ከዚያ ቀለበቱን እንደልማዱ አስገብቶ ዘንጉን አዞረ፣ እንጨቱን ጆሮው ላይ አደረገ። ዝም። መለኪያውን አቆመበት። መርፌዋ ሄደች፣ ሄደች፣ ማቆም ከነበረባት ሦስት እጥፍ አልፋ ቆመች። ሪድዋን አየ። ጋሳንት ወፍራም ቀለበት አስገባ፣ ለካ፣ አወጣ፣ ሌላ አስገባ። ሰባተኛው ላይ መርፌዋ ቦታዋን አገኘች። በመጀመሪያውና በሰባተኛው መካከል በጆሮው ልዩነት አላገኘም። ላቡን ጠርጎ ዳዶዎቹን ማጥበቅ ጀመረ።

መኪናው ተጎትቶ ወደ ጋራዧ መጥቶ ሞተሩና ካምቢዮው ገብተውለት ነበር፤ እሁድ ጠዋት ሪድዋን ሊወስደው መጣ። ጋሳንት እንጨቱን ይዞ ወደ ተሳፋሪው በር ሄደ፤ በሩን ከፍቶ ቆመ። ከዚያ ወደ ቤት ዞሮ መይሙናን ጠራት። ክንዷ እስከ ክርኗ ኮኮናት ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች።

«እንደ ደረቅ ባቄላ የሚንኳኳ ነገር ከሰማሽ ንገሪው። ወይ የሚያቃስት። ሌላው ልቅሶ ነው፣ እሱን ተይው።»

ባሏን ትታ ሪድዋንን አየችው። ልጁ ትንሽ አሰበና ወንበሩ ላይ የነበረውን ካፖርቱን አነሣላት። እንጨቱን እንደ ምርኩዝ ይዛ ገባች፣ መሐረቧን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች።

መኪናው ከበሩ ወጥቶ በመንገዱ ወደ ታች ሄደ። ጋሳንት በሩ ላይ ቆመ። ነጩ መኪና ጫፍ ላይ ደርሶ ዞረ፣ ከዓይኑ ጠፋ። ማዶ ያለችው ጎረቤት ልብስ ታሰጣ ነበር፤ እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ራሷን ወደ ዋናው መንገድ አዞረች። ከሷ ቀጥሎ አትክልት የሚያጠጣው ሰውዬ ዞረ። ከዚያ ሌላው። ሦስተኛ ገብቷል አለ ጋሳንት በልቡ። ራሶቹ ቀስ እያሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞሩ እያየ መኪናው የቱ ጋ እንዳለ ተከተለ፣ እስኪመለስ ድረስ።

መይሙና ወረደች። «ልቅሶውን ሰማሁ» አለች። «ከሥሩ ምንም የለም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩህ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሰማሁ፣ መንገዱን ሁለቴ ዞርን።»

ጋሳንት ወደ ሪድዋን መስኮት ጎንበስ አለ። የሠሪው ቃል ይጠበቃል። «አላህ ይባርክልህ» አለ።

«አሚን ቡታ።» ሪድዋን ይቅር ብያለሁ አላለም፣ ይህ አይበቃኝምም አላለም። የተሰበረው ማርሽ የመኪናው ኪስ ውስጥ በዳቦው ላስቲክ ተቀምጦ ነበር፤ ጋሳንት አየው፣ ለምን እንደያዘው አልጠየቀም። መይሙና ስድስት ኩሲስተር በወረቀት ጠቅልላ በመስኮቱ አቀበለችው፤ ልጁም ተቀብሎ ሄደ።

የቶየር ፒክአፕ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከስድስቱ የመጀመሪያዋ። ጋሳንት ክሪኩን እየጎተተ ከሥሯ አስገባ፣ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ እጀታውን መጫን ጀመረ።